የፕሮምፕት ቀለም፦ ጌጥ ወይስ የቦታ ምልክት?

መግቢያ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት የጊትላብ ኩባንያ ባልደረባ የሆነ አንድ መሐንዲስ ሁለት የመረጃ ቋት ሰርቨሮችን ለማመሳሰል ይታገል ነበር። አንደኛው ሰርቨር የተጠቃሚዎች መረጃ በቀጥታ የሚገባበት ዋናው ሲሆን፣ ሁለተኛው የዋናውን ቅጂ እየተከተለ የሚይዝ ነበር። የሁለቱ ስም የሚለየው በአንድ አኃዝ ብቻ ነው፤ የአንዱ 1፣ የሌላው 2። ተከታዩ ከዋናው ጋር መመሳሰሉን ስላቆመ መሐንዲሱ የተከታዩን የመረጃ ፎልደር ባዶ አድርጎ ሥራውን ከአዲስ ለመጀመር አሰበና የማጥፊያውን ትእዛዝ ሰጠ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ትእዛዙ የደረሰው ለዋናው ሰርቨር መሆኑን ተረድቶ አቋረጠው፤ ሆኖም ከ300 ጊጋባይት ገደማ መረጃ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

አገልግሎቱ ሊመለስ የቻለው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት በተወሰደ ቅጂ ነው። በመካከሉ የተመዘገበው ሁሉ፣ ማለትም ወደ 5,000 የሚጠጉ ፕሮጀክቶች፣ ያንኑ ያህል አስተያየቶችና 700 ገደማ የተጠቃሚ መለያዎች ጠፍተው ቀሩ። ኩባንያው በኋላ ለሕዝብ ይፋ ባደረገው የአደጋ ትንተና ከዘረዘራቸው የማረሚያ ርምጃዎች መካከል አንዱ የሁሉም ሰርቨሮች ፕሮምፕት አንዱን ማሽን ከሌላው አጉልቶ እንዲለይ ማስተካከል የሚል ነበር።

የፕሮምፕት ቀለም ጉዳይ በተመራማሪዎችና በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው እንደ ውበት ጥያቄ ነው። አንዱ ጥቁር ጀርባ ላይ አረንጓዴ ይወዳል፤ ሌላው ወይን ጠጅ ይመርጣል፤ በምርጫው ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይህ ጽሑፍ ግን ከዚህ የተለየ አቋም ይዟል። የፕሮምፕት ቀለም ዋና ተግባር ተጠቃሚው በየትኛው ማሽን ላይ፣ በምን ዓይነት ሥልጣን እንዳለ ትእዛዙን ከማስገባቱ በፊት ማሳሰብ ነው። በመሆኑም ብዙ ሰው በሚሠራበት የጋራ ሰርቨር ላይ ቀለሙ የየግለሰቡ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ስምምነት ሊሆን ይገባል፤ ከቃል ጋር ካልተጣመረ ደግሞ ለብቻው አይበቃም።

ከምልክት ወደ ቀለም

ፕሮምፕት ሼሉ ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን የሚያሳውቅበት አጭር ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ጋር የወጣው የቦርን ሼል ይህን ጽሑፍ ፒኤስ1 በተባለ ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ለተራ ተጠቃሚ የ$ ምልክት፣ ሥርዓቱን በሙሉ ማዘዝ ለሚችለው ተጠቃሚ፣ ማለትም ለሩት፣ ደግሞ የ# ምልክት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ባሽም ሁለቱን ምልክቶች ሳይለውጥ ወርሷቸዋል።

በዚያ ዘመን ለዚህ ልዩነት ቀለም ይዋል ቢባል እንኳ የሚቻል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 ገበያ ላይ የዋለው ታዋቂው ተርሚናል ቪቲ100 ፊደልን ከማድመቅ፣ ከሥሩ ከማስመር፣ ብልጭ ድርግም ከማድረግና ገልብጦ ከማሳየት ያለፈ የቀለም ችሎታ አልነበረውም። ስለዚህ በሼል ታሪክ የመጀመሪያው የጥንቃቄ ምልክት ቀለም ሳይሆን ፊደል ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም በኋላ ለሚመጣው ክርክር መሠረት ነው፤ ፕሮምፕቱ ከጅምሩ የተጠየቀው እንዲያምር ሳይሆን ተጠቃሚው በምን ሥልጣን እንደሚያዝ እንዲናገር ነበርና።

ቀለም ሲመጣ የመጣው በቁጥር ነው። ኢሲኤምኤ-48 በተሰኘው ደረጃ መሠረት ከ30 እስከ 37 ያሉት ቁጥሮች የፊደሉን፣ ከ40 እስከ 47 ያሉት ደግሞ የጀርባውን ቀለም ይወስናሉ፤ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፣ 34 ሰማያዊ ነው። በኋላ 256 ቀለሞች፣ ቀጥሎም ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለሞች በተርሚናል ላይ መታየት ቻሉ። ምርጫው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ግን ቀለሙ ምን ይናገራል የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀረ። ኦ ማይ ዚሽ በተባለው የሼል ማስዋቢያ ስብስብ ውስጥ ብቻ ከመቶ በላይ የፕሮምፕት ገጽታዎች ይገኛሉ። ብዙ ተጠቃሚ ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው በመልኩ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ተረት ለዚህም ይሠራል።

ቀለም ለምን ይረዳል?

የስሕተት ጥናት ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ መለያ አስቀምጧል። ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የድርጊት መዛነፎችን በየዓይነታቸው ሲከፍል፣ አንደኛው ዓይነት ሰው ያለበትን ሁኔታ በመሳሳት የሚፈጽመው ነው። ድርጊቱ በራሱ ትክክል ነው፤ የተፈጸመበት ሁኔታ ግን ሌላ ነው። በጊትላብ የደረሰው አደጋ የዚህ ዓይነት ነው። መሐንዲሱ ትእዛዙን አላጣውም፤ በትእዛዙ አጻጻፍም አልተሳሳተም፤ የሳተው ቦታውን ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት በዕውቀት ብቻ መከላከል አይቻልም፤ የሚሳሳተው አላዋቂ ብቻ አይደለምና። እንዲያውም እጁ የለመደ ሰው ትእዛዙን ሳያስብበት ስለሚጽፍ ለዚህ ዓይነት ስሕተት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አን ትሪስማንና ጌሪ ጌላድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት የትኩረት ጥናት ደግሞ ቀለም ለምን እንደሚያገለግል ያስረዳል። በብዙ አረንጓዴ ምልክቶች መካከል ያለ አንድ ቀይ ምልክት የአረንጓዴዎቹ ቁጥር ቢጨምርም ለማግኘት ተጨማሪ ጊዜ አይወስድም፤ ዐይን ሳይፈልገው ይደርስበታል። በአንጻሩ የአንድን ማሽን ስም የመጨረሻ አኃዝ ለማረጋገጥ ማንበብ ያስፈልጋል። የደከመና የቸኮለ ሰው ደግሞ የሚያነበው ሊያይ የጠበቀውን ነው። ቀለም የሚረዳው ለማንበብ ሳይወስኑ ስለሚታይ ነው።

በዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ ውስጥ ይህ ስሕተት የሚመጣበትን መንገድ ለመገመት አያዳግትም። አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በላፕቶፕዋ ላይ ሦስት የተርሚናል መስኮቶች ከፍታለች እንበል። አንዱ የራሷ ኮምፒውተር ነው፤ ሁለተኛው የትምህርት ክፍሉ የስሌት ሰርቨር፣ ሦስተኛው ጥሬ መረጃ የሚቀመጥበት ማሽን ነው። በሦስቱም ላይ ስሙ አንድ የሆነ ፎልደር አለ፤ ምክንያቱም መረጃውን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታመሳስለው ራሷ ናት። ከሰርቨሩ ላይ ያረጁ የሙከራ ውጤቶችን ለማጥፋት ስትነሣ የኔትወርክ መስመሩ ይቋረጣል። መስኮቱ ግን አይዘጋም። ጥቂት ደርቆ ይቆይና የግንኙነቱን መቋረጥ የሚያበስር አንድ መስመር ጽፎ የራሷን ኮምፒውተር ፕሮምፕት ይመልሳል። መስመሩን ካላስተዋለችው ቀጣዩ የማጥፊያ ትእዛዝ የሚፈጸመው የመመረቂያ ጽሑፏ በተቀመጠበት ላፕቶፕ ላይ ነው። የኔትወርክ መቆራረጥ የዕለት ተዕለት ገጠመኝ በሆነበት የአገራችን የምርምር አካባቢ ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም። የሁለቱ ማሽኖች ፕሮምፕት በቀለም የሚለያይ ቢሆን ኖሮ ግን የመስኮቱ መልክ መለወጡ ብቻ እጇን ሊያስቆማት ይችል ነበር።

ቀለም እያለ ምልክት ሲጠፋ

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ አለ። ዛሬ በተመራማሪዎች ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ፕሮምፕት አብዛኛው ባለቀለም ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ስለ ቦታው አንዳች አይናገርም። ዴቢያንና ከእርሱ የተገኘው ኡቡንቱ ለአዲስ ተጠቃሚ በሚሰጡት የባሽ መነሻ ፋይል መሠረት የተጠቃሚውና የማሽኑ ስም በደማቅ አረንጓዴ፣ ፎልደሩ በደማቅ ሰማያዊ ይጻፋል። ይህ ላፕቶፕ ላይም እንዲሁ ነው፤ የስሌት ሰርቨር ላይም እንዲሁ ነው፤ የመረጃ ማከማቻው ላይም እንዲሁ ነው። ሦስት የተለያዩ ቦታዎች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይቀርባሉ። ቀለሙ ፕሮምፕቱን ከትእዛዞች ውጤት ለመለየት ይረዳል፤ ማሽንን ከማሽን ለመለየት ግን አይረዳም።

በዚሁ ፋይል ውስጥ የሚገኝ አንድ የአዘጋጆቹ ማብራሪያ ለክርክሩ ይበልጥ ይጠቅማል። ባለቀለም ፕሮምፕት ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ የማይበራው ትኩረቱን እንዳይሰርቅ ነው፤ በተርሚናል መስኮት ውስጥ ትኩረት ሊያገኝ የሚገባው የትእዛዞች ውጤት እንጂ ፕሮምፕቱ አይደለም ይላል ማብራሪያው በአጭሩ። ማብራሪያው ዛሬም በቦታው አለ። ነገር ግን ከእርሱ በላይ ያለው የፋይሉ ክፍል ተርሚናሉ 256 ቀለም እንደሚችል ካሳወቀ ቀለሙን ያበራዋል፤ አብዛኞቹ ዘመናዊ ተርሚናሎችም እንዲሁ ስለሚያሳውቁ ቀለሙ በተግባር በርቶ ይገኛል። ስለዚህ የተጠቃሚዎች ስክሪን በቀለም የተሞላው ማንም ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ነው።

የማብራሪያው ሐሳብ ሊናቅ አይገባም። ትኩረት ውስን ሀብት ነው፤ ሳይናገር የሚጮኽ ቀለም ያባክነዋል። ሆኖም ይኸው ፋይል የፕሮምፕቱን ይዘት ሲወስን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቀምጠው ሌላ ነገር መሆኑ መታወቅ አለበት። ተጠቃሚው በዋናው ሥርዓት ሳይሆን በውስጡ በተከለለ ሌላ የዴቢያን ሥርዓት ላይ እየሠራ ከሆነ፣ የዚያ ክልል ስም በቅንፍ ሆኖ ከተጠቃሚው ስም በፊት ይጻፋል። ይህም ማለት ቀለም ትኩረት ይሰርቃል ያሉት አዘጋጆች ራሳቸው ቦታን ማሳወቅ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ መሆኑን አምነዋል ማለት ነው። ሁለቱን ሐሳቦች አንድ ላይ ማንበብ ለትክክለኛው መርሕ ያቀርባል፤ ይኸውም ቀለም በሁሉም ቦታ አይረጭ፤ የቦታ ለውጥ ባለበት ግን አይጥፋ የሚል ነው።

የቀለም ወሰኖች

ቀለም ይረዳል ማለት ቀለም ይበቃል ማለት አይደለም። ቢያንስ አራት ወሰኖች አሉት።

የመጀመሪያው ወሰን ቀለሙን የሚወስኑት ሁለት አካላት መሆናቸው ነው። ፕሮምፕቱን የሚያዘጋጀው ሰርቨሩ ነው፤ እርሱም የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው። 31 ቁጥር በስክሪኑ ላይ ምን ዓይነት ቀይ ሆኖ እንደሚታይ የሚወስነው ግን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያለው ተርሚናል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውና በስፋት የተሠራጨው ሶላራይዝድ የቀለም ስብስብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስብስቡ ብሩህ አረንጓዴ፣ ብሩህ ቢጫና ብሩህ ሰማያዊ በሚባሉት ቦታዎች ላይ ያስቀመጠው ግራጫ ዓይነቶችን ነው። አንዳንድ ተርሚናሎች ደግሞ ፊደል ደማቅ ይሁን ሲባሉ ቀለሙን ወደ ብሩሁ ይቀይሩታል። ሁለቱ ሲገናኙ ከላይ የተጠቀሰው የዴቢያን ደማቅ አረንጓዴ ፕሮምፕት ግራጫ ሆኖ ከሌላው ጽሑፍ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የሰርቨር አስተዳዳሪ «ቀይ አድርጌዋለሁ» ብሎ መተማመን አይችልም።

ሁለተኛው ወሰን የተጠቃሚው ዐይን ነው። በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ወንዶች ዘንድ ከመቶ ስምንት ያህሉ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ያለባቸው ሲሆን፣ መጠኑ ከሕዝብ ሕዝብ ቢለያይም ችግሩ የሌለበት ሕዝብ የለም። እንደ ጄንቱ ባሉ ሥርዓቶች ተራውን ተጠቃሚ በአረንጓዴ፣ ሩትን በቀይ መለየት የተለመደ ነው፤ ይህ ጥንድ ግን ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሁለተኛው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ መረጃ በቀለም ብቻ መተላለፍ የለበትም ይላል። መመሪያው የተጻፈው ለድረ ገጽ ቢሆንም ምክንያቱ ለተርሚናልም ያው ነው። የ$ እና የ# ምልክቶች ከአርባ ዓመታት በላይ ያገለገሉትም የማንንም ዐይን ሳይመርጡ ስለሚነበቡ ነው።

ሦስተኛው ወሰን ቴክኒካዊ ነው፤ ነገር ግን መዘዙ ከቴክኒክ ያልፋል። ባሽ የቀለም ኮዶችን በፕሮምፕቱ ውስጥ ሲያገኝ በስክሪኑ ላይ የማይታዩ መሆናቸውን በራሱ አያውቅም፤ በ \[ እና በ \] ምልክቶች መካከል ካልተከበቡ እንደሚታዩ ፊደላት ይቆጥራቸዋል። በዚህም የተነሣ የመስመሩን ርዝመት ይስታል። ረጅም ትእዛዝ ሲጻፍ ጽሑፉ ወደ ቀጣዩ መስመር በመውረድ ፈንታ በራሱ ላይ ተመልሶ ይደረባል፤ ቀድሞ የተጻፈ ትእዛዝ ተጠርቶ ሲታረም ደግሞ የተሰረዘው ያልተሰረዘ፣ ያለው የሌለ ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ትእዛዝና ሼሉ የሚፈጽመው ትእዛዝ አንድ አይደሉም። ከስሕተት ሊጠብቅ የገባ ቀለም ራሱ የስሕተት ምንጭ ሆነ ማለት ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው።

አራተኛው ወሰን መላመድ ነው። በየቀኑ የሚታይ ቀይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀይ መሆኑ ይረሳል። የዚህ ችግር መባባሻ አንድን ቀለም ለሁለት ትርጉም ማዋል ነው። ለምሳሌ ብዙ የፕሮምፕት ገጽታዎች የመጨረሻው ትእዛዝ ሳይሳካ ሲቀር ቀይ ምልክት ያሳያሉ። ይህ ለሌላ ጉዳይ ይጠቅም ይሆናል፤ ከጥፋት ለመጠበቅ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዚህም በላይ ፋይል ስላልተገኘ ብቻ በቀን ሃምሳ ጊዜ ቀይ የሚያይ ሰው ያው ቀይ «ይህ ዋናው ሰርቨር ነው» ሲለው አይሰማውም።

የጋራ ስምምነት ምን ይመስላል?

ከእነዚህ ወሰኖች አንጻር ሲታይ በጋራ ሰርቨር ላይ የሚሠራ የምርምር ቡድን የሚያስፈልገው ብዙ ቀለም ሳይሆን ጥቂት ቀለምና አንድ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ በዚህ መስኮት ውስጥ የሚፈጸም ስሕተት ሊታረም ይችላል ወይስ አይችልም?

በዚህ መለኪያ ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ። የተጠቃሚው የራሱ ኮምፒውተር ቀለም አልባ ፕሮምፕት ይኑረው፤ ቀለም አለመኖሩ ራሱ «ቤት ነህ» የሚል ምልክት ይሆናል። የጋራ የስሌት ሰርቨር፣ ማለትም ስሕተት ቢፈጠር የሌላ ሰው ሥራ የሚስተጓጎልበት ነገር ግን መረጃው ሌላ ቦታ ቅጂ ያለው ማሽን፣ በቢጫ ይለይ። የጥሬ መረጃ ብቸኛ ቅጂ የሚገኝበት ወይም ሌሎች የሚጠቀሙበት አገልግሎት የሚሠራበት ማሽን በቀይ ጀርባ ላይ በነጭ ፊደል ይጻፍ። በማንኛውም ማሽን ላይ የሩት ሥልጣን ሲያዝም ይኸው ቀይ ይዋል፤ ትርጉሙ በሁለቱም ቦታ አንድ ነውና፤ እዚህ የተሳሳተ አይመለስም የሚል ነው። ያልተሳካ ትእዛዝን ለማሳየት የሚፈልግ በቀይ ፈንታ የስሕተቱን ቁጥር በፕሮምፕቱ ላይ ያጽፍ።

ከቀለሙ ጋር ሁልጊዜ ቃል ይኑር። የማሽኑ ሙሉ ስምና ተግባሩን የሚገልጽ አንድ አጭር ቃል ይበቃል። ቃሉ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ሆኖም ተርሚናሎች ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጠባብ የቦታ ልክ ስለሚመድቡና ብዙዎቹ የእኛ ፊደላት ከዚያ ስለሚሰፉ በአንዳንድ ቅርጸ ፊደል ላይ ተጨናንቀው ወይም ተደራርበው ይታያሉ። ስለዚህ «ዋና» ወይም «ሙከራ» የመሰለ አጭር ቃል መርጦ በቡድኑ አባላት ተርሚናሎች ላይ አስቀድሞ ማየት ይበጃል። አጠቃላይ ዝግጅቱን ለመፈተን ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። የየመስኮቱ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለወጥ ተመልካች አሁንም ማሽኖቹን መለየት ከቻለ ፕሮምፕቱ ተግባሩን እየፈጸመ ነው።

ስምምነቱን በሥራ ላይ የማዋል ኀላፊነት የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ነው። ተማሪ ይመጣል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል፤ የየግሉ ዝግጅትም አብሮት ይሄዳል። የማሽኑ ምልክት ግን ከማሽኑ ጋር መቅረት አለበት። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባ አንድ እንቅፋት አለ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ አስተዳዳሪው የሥርዓቱን የጋራ መነሻ ፋይል ቢያስተካክል ለውጡ በተጠቃሚዎች ዘንድ ላይታይ ይችላል፤ ምክንያቱም መለያ ሲከፈት ወደ ተጠቃሚው ፎልደር የሚገለበጠው ናሙና ፋይል ከጋራው በኋላ ስለሚነበብ ፕሮምፕቱን እንደገና ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይመልሰዋል። ስለዚህ ናሙናውም አብሮ መስተካከል አለበት፤ ቀድሞ ለተከፈቱት መለያዎች ደግሞ ባለቤቶቻቸውን አነጋግሮ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሥራው የግማሽ ቀን ያህል ቢሆን ነው። ሳይሠራ የሚቀረው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን የማን ሥራ እንደሆነ ስላልተወሰነ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ትክክለኛው መፍትሔ ቀለም ሳይሆን መጠባበቂያ ቅጂና የሥልጣን ገደብ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ የጊትላብ አደጋም ያረጋግጠዋል። በዚያ ሌሊት መደበኛው መጠባበቂያ እየተወሰደ እንዳልነበረ የታወቀው ከአደጋው በኋላ ነው። ቅጂውን የሚወስደው መሣሪያ ከመረጃ ቋቱ ጋር የማይጣጣም ያረጀ ዕትም ስለነበረ ሥራው ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው መልእክትም ለባለሙያዎቹ አይደርስም ነበር። ነገር ግን ይኸው ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። መጠባበቂያ አለን ብለው የሚያምኑ ሁሉ መጠባበቂያ የላቸውም። አንዱ መከላከያ ባዶ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ሌላው ሊቆም የሚችለው አስቀድሞ ከተተከለ ብቻ ነው። ፕሮምፕቱ ከመከላከያዎች ሁሉ ደካማው ቢሆንም ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ከትእዛዙ በፊት ዐይን የሚያርፍበትም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የግል ነጻነት ነው። ሼል የተመራማሪው የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ በጠረጴዛው አደራደር ሌላው ምን አገባው? ይህ በግል ኮምፒውተር ላይ የማይነካ መብት ነው። በጋራ ሰርቨር ላይም ቢሆን የተቀረው የፕሮምፕቱ ክፍል፣ ሰዓቱም ሆነ የፎልደሩ አጻጻፍ፣ ለባለቤቱ ምርጫ ሊተው ይችላል። የሚጠየቀው የማሽኑ ስም ያለበት አንድ ክፍል ብቻ እንዳይነካ ነው። የጋራ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአሲድ ጠርሙስ ላይ ያለውን ምልክት ማንም እንደ ወደደ አይቀይረውም፤ ጠርሙሱን የሚያነሣው እርሱ ብቻ አይደለምና። አንድ ተማሪ ተርሚናሉን ክፍት ትቶ ሲወጣ ወይም ባልደረባው በጎኑ ተቀምጦ ሲያግዘው ፕሮምፕቱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።

ሦስተኛው ከላይ የተጠቀሰው መላመድ ነው። ሰው ቀዩን ይለምደዋል፤ ከዚያ ምን ይጠቅማል? መልሱ ቀዩ ሊለመድ በማይችልበት መጠን እምብዛም የማይታይ መሆን አለበት የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ በቀይ ፕሮምፕት ፊት የሚውል ተመራማሪ ካለ ሊስተካከል የሚገባው ቀለሙ ሳይሆን የሥራው አካሄድ ነው፤ ዘወትር የሚሠራው በብቸኛ ቅጂ ላይ ወይም በሩት ሥልጣን ነው ማለት ነውና። እንዲህ ሲታይ ቀለሙ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይሆን የሥራ ልማድን የሚያጋልጥ መለኪያም ይሆናል።

ማጠቃለያ

የፕሮምፕት ቀለም ትንሽ ጉዳይ ነው፤ አንድ የምርምር ቡድን በአንድ ከሰዓት ሊወስነው ይችላል። የሚጠብቀው ነገር ግን ትንሽ አይደለም። የአንድ ድኅረ ምረቃ ተማሪ የሁለት ዓመት የመስክ መረጃ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይከተታል፤ በአንድ ትእዛዝም ይጠፋል። በትእዛዙና በጥፋቱ መካከል ያለው ርቀት ሴኮንዶች ብቻ መሆናቸውን የጊትላብ ሌሊት አሳይቷል። ከዚያ ሴኮንድ በፊት በተማሪው ዐይን ፊት ያለው ብቸኛ ነገር ፕሮምፕቱ ነው።

ሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም በሁለት ምልክቶች የጀመረው ሥራ ይኸው ነበር፤ ተጠቃሚው ከማዘዙ በፊት በምን ሥልጣን እንደሚያዝ ማሳወቅ። ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለሞች በተገኙበት ዘመን ያ ሥራ ተረስቶ ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት አረንጓዴ ለብሶ መቆሙ ያስገርማል። በየትምህርት ክፍሉ ሰርቨር የሚጋሩ ተመራማሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው አንድ ጥያቄ ቢያነሡ ይጠቅማቸዋል፦ ከማሽኖቻችን መካከል የጠፋ የማይመለስበት የትኛው ነው? ይህንስ ፕሮምፕቱ ይናገራል?